የዘረመል ምርምር ወጪ ከማን ኪስ ይውጣ?

በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ይደድራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። ትንኝ አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ታዲያ በአንድ አፈር ላይ ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ትልቅ ፍንጭ አወጡ። ከደቡብ ኢትዮጵያ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረመል አነጻጽረው፣ የሰውነትን በሽታ መከላከያ በሚመራው ኤችኤልኤ በተባለው የዘረመል ክፍል ላይ ለበሽታው የሚያጋልጥ ልዩነት አገኙ።

እንዲህ ያለ ውጤት በማሽን ብቻ አይገኝም። ቀደም ሲል በዚያው አካባቢ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታው ከዘር ጋር መያያዙ ከተነገረ መገለሉ ይብሳል የሚል ስጋት ነበር። ልጁን ሊድር ለሚያስብ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ቅጽ አስፈርሞ መሄድ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ የአገር ሽማግሌ ማማከር፣ ጥያቄ መመለስ ነው። ለዚህ የሚመደብ ሰው ደመወዝ አለው፤ ደመወዙን ደግሞ የሚከፍል አካል ያስፈልጋል።

ለአፍሪካ ይህን ወጪ በስፋት የተሸከመው ኤችስሪአፍሪካ የተባለው ፕሮግራም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የጤና ተቋማትና የብሪታንያው በጎ አድራጊ ድርጅት ዌልካም ትረስት እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ አደረጉት። ሐሳቡን ከገፉት መካከል የአፍሪካ የሰው ዘረመል ማኅበርን የመሠረቱት ናይጄሪያዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ሮቲሚ ይገኙበታል። ቀድሞ ደሙ ከአፍሪካ ይቀዳና ትንተናውም ስሙም ውጭ ይቀር ነበር፤ አሁን ገንዘቡ በቀጥታ ለአፍሪካ ተቋማት ተሰጠ፣ መሪዎቹም አፍሪካውያን ሆኑ።

በእኔ እምነት ከሁሉ የላቀው ሥራ የማስተባበሩ ነው። በኡጋንዳ፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ የናሙና ማከማቻዎች ተደራጁ። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ኒኮላ መልደር የመሩት ኤችስሪኤባዮኔት የተባለ መረብ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎችን በመረጃ ትንተና አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ፍሬውን አሳየ፦ ከ50 የቋንቋና የብሔር ቡድኖች በተወሰዱ የ426 ሰዎች ጂኖም (ሙሉ ዘረመል) ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ከ3 ሚሊዮን በላይ ልዩነቶች ተገኙ።

ሆኖም የአሜሪካው ገንዘብ የመጣበት የጋራ ፈንድ አንድን ፕሮግራም ከ10 ዓመት በላይ አይደግፍም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጊዜው አለቀ። ናሙናው ግን ዛሬም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይፈልጋል፤ የሠለጠነው ወጣትም ደመወዝ ካጣ ወደ ውጭ ይሄዳል።

የአፍሪካ መንግሥታት ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለመመደብ ከተስማሙ ዓመታት አልፈዋል፤ አብዛኞቹ ግን እዚያ አልደረሱም። በእኛም አገር አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም አሉ። ባለሙያም አለ። ናሙናን፣ መረጃንና ሥልጠናን በአንድነት የሚያስተባብር፣ በየዓመቱ በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ያለው አካል ያስፈልገናል። መጠኑ በትንሹ ቢጀመርም ግድ የለም፤ ከለጋሽ ጋር አብሮ የሚያልቅ ግን መሆን የለበትም። በጀት የምታጸድቁ የምክር ቤት አባላት፣ ይህን መደብ ጠይቁ።