አያቶቻችን የት ወደቁ?

በሊበን ማታ ማታ ስናስተምር አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበር። ስሙን መጻፍ በቻለ በሳምንቱ እጁን አነሣ። «ልጆች፣ የራሴን ስም ጻፍኩ። የአባቴንም የአያቴንም ጻፍኩ። አያቴ ግን በጣሊያን ጊዜ ገናሌ ወርዶ ቀረ። መቃብሩን አናውቅም። እንግዲህ ማንበብ ከቻልኩ የት እንደ ወደቀ አገኘዋለሁ?» አለን።

ወዲያው የምንመልሰው አልነበረንም። እኛ ትምህርት ቤት የሰማነው ስለ ማይጨው ነው። ስለ ገናሌ የምናውቀው ጥቂት ነበር። ከዚያ በኋላ እየጠየቅንና እያነበብን ያገኘነውን እዚህ ጽፈናል።

መጀመሪያ ጦርነቱን እንወቅ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን የወረረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አንዱ ጦሯ በሰሜን መረብን ተሻግሮ መጣ። ሌላው በጄኔራል ግራዚያኒ እየተመራ ከሶማሊያ ተነሣ። በዚህ በኛ በኩል የሲዳሞን ጦር የመሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። ጦሩ ከደጋው ወርዶ፣ በነገሌ አልፎ፣ ገናሌን ተከትሎ ወደ ዶሎ ገሠገሠ። ከነገሌ እስከ ዶሎ እንደ አሞራ በቀጥታ ቢበርሩ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእግር መንገዱማ ስንት ይሆን! አገሩ ቆላ ነው። ወባ አለ። ከወንዝ የራቀ ሰው ውሃ አያገኝም። ስንቁ ደግሞ በአጋሰስና በሰው ጀርባ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጥይት ሳይነካው በበሽታና በረሃብ ያለቀው ብዙ ነው። «አያቴ በጦርነት ሞተ» ስንል በጥይት ሞተ ማለት ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር ታሞ የቀረውም ዘማች ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ገናሌ ዳር መልካ ዲዳ ላይ ቦምብ ጣሉ። እዚያ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ድንኳን ነው። የቀይ መስቀል ምልክትም ነበረው። ዋናው ሐኪም ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ። ጉናር ሉንድስትረም የሚባል ስዊድናዊ ረዳታቸው ሞተ። ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አለቁ። የሉንድስትረም ስም በመጽሐፍ ተጽፎ ስለ ቀረ እኛ ዛሬ እናውቀዋለን። ከጎኑ ያለቁት ወገኖቻችን ግን «በሽተኞች» ተብለው ብቻ ቀሩ። ይህን ስናነብ በጣም ከነከነን።

ጥር 3 ቀን ግራዚያኒ በታንክ፣ በካሚዮንና በአውሮፕላን ገፍቶ መጣ። በዚህ ግንባር የመርዝ ጋዝም ተጠቅሟል። ውጊያው የፈጀው ጥቂት ቀን ነው። ጥር 11 ቀን፣ ልክ በጥምቀት ዕለት፣ ነገሌ ተያዘች።

ነገር ግን ጦሩ በዚያ አላበቃም። የተረፈው በዋደራ በኩል ወደ ደጋው አፈገፈገ። ይርጋለም የተያዘችው እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ቆይታ ነው። ከዚያም ራስ ደስታ፣ የባሌው ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ እየተዋጉ ወደ ሰሜን ሄዱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጎገቲ ላይ ተከበቡ። ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው በጥይት ተገደሉ። እንግዲህ አያት የወደቀበት ቦታ ከዶሎ እስከ ቡታጅራ ባለው መንገድ ሁሉ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ገናሌ ገናሌ እያሉ እዚያ ብቻ መፈለግ ያሳስታል።

ስለዚህ ሽማግሌና አሮጊት ስንጠይቅ «በስንት ዓመተ ምሕረት ሞተ?» ማለት አይጠቅምም። ማን ያንን ይቆጥር ነበር? «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» ብንል ይሻላል። ቦረናን ስንጠይቅ ደግሞ በገዳ እንጠይቅ። ቦረና ዘመን የሚቆጥረው በአባ ገዳ ስም ነው። አንዱ አባ ገዳ የሚቆየው ስምንት ዓመት ነው። «በእገሌ ገዳ፣ በዚህኛው ዓመት» ካሉን ወደ ኋላ ቆጥረን እንደርስበታለን።

ሁለተኛው ጥያቄ «የማን ጦር ነበር?» ነው። በዚያን ጊዜ ሰው የሚዘምተው በክተት ነው። እያንዳንዱ አለቃ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ሰዎቹን በመልክ ያውቃቸዋል እንጂ አብዛኛው ስም በመዝገብ አልተጻፈም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ግን ስሙ ሁሉ ተመዝግቦ ሄደ። የሞቱት አስከሬናቸው ከባሕር ማዶ ተመልሶ አዲስ አበባ ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ኮሪያ የሞተው መቃብሩ ሲታወቅ እዚሁ ገናሌ የሞተው ጠፋ! ልዩነቱ መዝገቡ ነው። ስለዚህ ለገናሌው ዘማች የምንፈልገው የአለቃውን ስም ነው። የአለቃው ልጆች ወይም አብረው የዘመቱት ሰዎች ልጆች ሊያውቁ ይችላሉ።

ስሙንም በደንብ እንጠይቅ። አንድ ሰው ብዙ ስም ነበረው። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን ካልያዝን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ብንጠይቅ አያውቁትም። በፈረስ ስሙ ብቻ የሚታወቅም ነበር።

ከነጻነት በኋላ የተረፉት አርበኞች ሜዳይና የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። የጋሻ መሬት የተሰጣቸውም ነበሩ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ወረቀቱን የጣለ ይኖራል። ያልጣለ ግን ሣጥኑን ይፈትሽ። መሬቱ ባይኖርም ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስምና ማዕረግ አለ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ብንደብቀው ደስ አይለንም። በጣሊያን በኩል የተሰለፉ የሶማሌና የኤርትራ ወታደሮች ነበሩ። ከኤርትራዎቹ ብዙዎች ከድተው ከራስ ደስታ ጋር ተሰልፈዋል። የፈለግነው አያት በዚያኛው ወገን ሆኖ ብናገኘውስ? እኛ የሚመስለን እሱንም እንዳለ መጻፍ ነው። ፈርዶ ለመጻፍ መጀመሪያ ማወቅ ይቀድማል።

ስለ መቃብሩ ደግሞ እንናገር። ክርስቲያን ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ መካ ይዞራል። መካ ከሊበን ቀጥ ብሎ በሰሜን ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የሁለቱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚዘረጋው። እኛም ካርታ ዘርግተን ስናይ ገረመን። መቃብሩን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም፤ የአካባቢው እረኛና ሽማግሌ ካልነገረን በስተቀር። ድንጋይ የተከመረበት ሁሉም የወታደር መቃብር አይደለም። መቆፈር ደግሞ ነውርም አደጋም ነው። ውጊያ በነበረበት ቦታ የዛገ ብረት ብታዩ አትንኩ። ያልፈነዳ ቦምብ ስንት ዓመት ቢቆይ ሊፈነዳ ይችላል። ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ።

ያ ጎልማሳ አክስቱን ሄዶ ጠየቀ። አክስቱም ከእናቷ የሰማችውን ነገረችው። አያቱ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ዋደራ መንገድ ላይ ታይቷል። እግሩ አብጦ ነበር። አንድ የጎረቤት ሰው ደግፎት ይሄድ ነበር። ገናሌ ላይ አልሞተም እኮ! ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ዘመን ወደ ገናሌ ሲያይ ኖሯል፤ አያት ያለው ግን በሌላ በኩል ነው።

የዚያ ጎረቤት ልጅ አዶላ ይኖራል ተባለ። ጎልማሳው ደብዳቤ ጻፈለት። ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀድዶ፣ በእርሳስ፣ ሦስት ማታ ሲጽፍ ቆየ። እኛ ያረምንለት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሐሙስ ለገበያ ወደ አዶላ ለሚሄድ ሰው ሰጠው።