የማይሰማው ድምፅ እንዴት ይሰማል?

አንባቢ ሆይ፥ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሌሊት ወፍ በቤትዎ ጣራ ሥር ስትመላለስ አይተው ይሆናል። ድምፅ የሌላት ትመስላለች እንጂ በእውነቱ እየጮኸች ነው፤ የማይሰማው የእኛ ጆሮ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1793 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሊቅ ስፓላንዛኒ፥ ዐይናቸው የታወረ የሌሊት ወፎች ከምንም ሳይጋጩ ሲበሩ አየ። የጄኔቫው ሐኪም ዡሪን ደግሞ ጆሮአቸውን ቢደፍነው መጋጨት ጀመሩ። ሆኖም ድምፅ የሰማ ሰው ስላልነበረ ብዙዎች ነገሩን አልተቀበሉትም።

የሰው ጆሮ የሚሰማው አየሩ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ሲርገበገብ ነው። በአውሮፓ በብዛት የምትገኝ አንዲት ትንሽ የሌሊት ወፍ ግን ጩኸቷ 45,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ታዲያ ይህን ወደ ጆሮአችን ወሰን ማውረድ እንዴት ይቻላል?

ሁለት የክራር ክሮችን ለማስማማት ሞክረው ያውቃሉን? ሊገጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው ድምፁ ከፍ ዝቅ፥ ከፍ ዝቅ ይላል። የዚህም ብዛት የሁለቱ ክሮች የርግብግቢት ልዩነት ነው።

መሣሪያውም የሚሠራው በዚሁ ልዩነት ነው። ማይክሮፎኑ የወፊቱን 45,000 ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ በውስጡ ያለ ሌላ ክፍል ደግሞ 43,000 ያመነጫል። ሁለቱ ሲገናኙ ኃይላቸው በሴኮንድ 2,000 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ሁለቱን በአንድ ሽቦ መደመር ብቻ አይበቃም። ወደ ላይ የሚገፋውና ወደ ታች የሚስበው እኩል ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። ስለዚህ በመካከሉ ዲዮድ ይገባል። ዲዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ስለሆነ አንዱን ወገን ቈርጦ ያስቀራል። ያን ጊዜ የ2,000ው ከፍ ዝቅታ ጐልቶ ይወጣል። የቀሩት ፈጣን ርግብግቢቶች፥ ድምራቸው 88,000 ጭምር፥ በኮንደንሰር ይጣራሉ። እነሆ፥ ሁለት የማይሰሙ ወላጆች የሚሰማ ልጅ ወለዱ!

በጆሮ ማዳመጫው የሚሰሙት የወፊቱ የራሷ ድምፅ ሳይሆን የድምፅዋ ጥላ ነው፤ መዘውሩን ቢያዞሩት ይቀጥናል ወይም ይወፍራል።

ስፓላንዛኒ ከተመራመረ ከ145 ዓመት በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም.፥ ዶናልድ ግሪፊን የተባለ የሐርቫርድ ተማሪ የሌሊት ወፎቹን ይዞ ወደ ፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ፒርስ መሣሪያ ሄደ። ጩኸታቸውም ተሰማ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወፊቱ በደጅዎ ስታልፍ፥ ዝምታው የእርስዋ ሳይሆን የእኛ መሆኑን ያስታውሱ።