ሞተር የሚያቃጥለው ተን ነው፦ የተበከለና ያለ ልኩ የተደባለቀ ነዳጅ በትንንሽ ሞተሮች ላይ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ሐይቅ ከተማን ያለፈ፣ የ1881 ዓ.ም. ውል ወደተፈረመባት የአምባሰሏ ውጫሌ የሚጓዝ መንገደኛ የትንንሽ ሞተሮችን ድምፅ ሳይሰማ አይውልም። ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር፣ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ፣ በበጋ ወራት ለአትክልት ማሳ ውኃ የሚስበው ፓምፕ ሁሉም በነዳጅ የሚኖሩ ናቸው። ፓምፑ ለአንድ ሳምንት ቢቆም ሥሩ አጭር የሆነው ሽንኩርት ይጠወልጋል፤ የወቅቱ ድካምና ብድርም አብሮት ይጠወልጋል።

ሞተሩ ሲንተፋተፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ራሱ ሞተሩ ነው። ካንዴላ ይለወጣል፣ ካርቡራተር ይፈታል፣ ለመካኒክ ይከፈላል። ይሁንና የሕመሙ ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጀሪካኑ ውስጥ ነው። አገራችን የምትጠቀምበት የተጣራ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ ከወደብ እስከ ገበሬው ጀሪካን ድረስ ከዕቃ ወደ ዕቃ በተገለበጠ ቁጥር የመበከል ዕድሉ ይጨምራል። በዚህ ጽሑፍ የተበከለ ነዳጅ ሞተርን እንዴት እንደሚጎዳና ችግሩን በቀላል ዘዴ እንዴት መለየት እንደሚቻል እንመለከታለን።

ነዳጅ ሦስት ግዴታዎች አሉበት

የቤንዚን ሞተር ፈሳሽ ቤንዚን አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ከአየር ጋር የተደባለቀ የቤንዚን ተን ነው። ስለሆነም ነዳጁ በመጀመሪያ በካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳ ያለ እንቅፋት ማለፍ፣ ቀጥሎ በቅጽበት መትነን፣ በመጨረሻም ካንዴላው ብልጭታ እስኪሰጥ ድረስ በራሱ ሳይነድ መቆየት አለበት። እያንዳንዱ ዓይነት ብክለት ከእነዚህ ግዴታዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ያፈርሳል።

የተኑና የአየሩ ምጥጥንም ወሳኝ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ቤንዚን (740 ግራም ያህል) ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ይሻል፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ 9,000 ሊትር ገደማ ነው። የሐይቅ አካባቢ ግን ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 11,000 ሊትር ያህል አየር ያስፈልጋል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ተራ ካርቡራተር ይህን ልዩነት ስለማያካክስ ከሚገባው 10 በመቶ ገደማ የበለጠ ቤንዚን ይለቃል። በመሆኑም በደጋ አገር ካንዴላ ቢጠቁር ሁልጊዜ የነዳጁ ጥፋት ነው ማለት አይደለም፤ የአየሩ መሳሳት የራሱ ድርሻ አለው።

ውኃ፦ ከታች የሚያደባ ባላጋራ

የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ከ720 እስከ 775 ግራም ሲሆን የአንድ ሊትር ውኃ 1,000 ግራም ነው። ሁለቱ አይዋሐዱም፤ ውኃው ወደ ታች ይሰምጣል። ሞተሩ ነዳጅ የሚወስደው ደግሞ ከማጠራቀሚያው ግርጌ ነው። ስለዚህ በአምስት ሊትር ቤንዚን ውስጥ የገባ አንድ ማንኪያ ውኃ በሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው በመጀመሪያ ነው። የውኃ ገጸ ውጥረት ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ በመሆኑ፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ የካርቡራተር ቀዳዳ ላይ የተቀመጠች ጠብታ እንደ ቡሽ ትዘጋዋለች። ሞተሩ ይነሣል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል።

ይህ ውኃ ከየት ይመጣል? ብዙዎች ሌሊት ከሚቀዘቅዘው አየር የሚጠነዝል እርጥበት ነው ይላሉ። እስቲ እናስላው። ግማሽ በሆነ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ 100 ሊትር አየር አለ። ይህ አየር በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እርጥበት ቢጠግብ የሚይዘው የውኃ ተን 2.3 ግራም ያህል ነው። ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚይዘው 0.9 ግራም ይሆናል። ወደ ውኃነት የሚለወጠው እንግዲህ 1.4 ግራም፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ ሩብ ገደማ ነው። ክዳኑ በሚገባ ከተዘጋ ይህ በየሌሊቱ አይደመርም፤ ክፍት ከተተወ ግን ከቀን ወደ ቀን ይጠራቀማል። በውኃ ታጥቦ ሳይደርቅ ነዳጅ የሚቀዳበት ጀሪካን ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ማንኪያ ውኃ ያስገባል። በበልግና በክረምት ዝናብ ክዳኑ ላልቶ ደጅ ያደረ በርሜልም እንዲሁ። ዋናው ጠላት እንግዲህ የአየሩ እርጥበት ሳይሆን ያልደረቀ ዕቃና ያልተከደነ አፍ ነው።

ኢታኖል ሲጨመር ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። በአገራችን ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል ተደርጎ ነበር። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በአንድ ሊትር እስከ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ አሟሙቶ ሊይዝ ይችላል። ከዚህ ሲያልፍ ግን ውኃው ኢታኖሉን ይዞ በአንድነት ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የሚቀረውም ቤንዚን የኦክቴን መጠኑ ይቀንሳል።

ነጭ ጋዝና ናፍጣ በቤንዚን ውስጥ

ቤንዚን ከ30 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ባለው መጠነ ሙቀት ደረጃ በደረጃ የሚፈሉ የብዙ ፈሳሾች ቅይጥ ነው። ነጭ ጋዝ መፍላት የሚጀምረው በ150 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ናፍጣ ከዚያም ይዘገያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በማለዳ ብርድ በቂ ተን ስለማይሰጥ ገመዱ ደጋግሞ ቢሳብም ሞተሩ አይነሣም። በነጭ ጋዝ እንዲሠሩ የተነደፉ ሞተሮች እንኳ በቤንዚን ተነሥተው ከሞቁ በኋላ ወደ ነጭ ጋዝ የሚዛወሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የነጭ ጋዝ ኦክቴን በጣም ዝቅተኛ በመሆኑ ቅይጡ ጊዜውን ሳይጠብቅ በራሱ ይነዳል፤ ሞተሩም ጭነት ሲበዛበት ያንኳኳል። ያልተነነው ክፍል ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል። የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከታየና ነዳጅ ነዳጅ ከሸተተ ይህ መድረሱን ያመለክታል።

የናፍጣ ሞተርም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። የነዳጅ ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ሲገባበት ልስላሴው ይቀንሳል፤ ብረት ብረትን ይበላል።

መቀላቀልን የሚጋብዘው ብዙ ጊዜ የዋጋ ልዩነት ነው። ነጭ ጋዝ ለድሃ ማብሰያና መብራት ተብሎ ዋጋው ዝቅ በተደረገባቸው አገሮች ሁሉ ይህ ፈተና ታይቷል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ ልዩ ቀረጥ የጣለችው ይህንኑ ለመግታት ነበር።

ዘይት የሚፈልገውና የማይፈልገው

አብዛኞቹ የመስኖ ፓምፖች ባለ አራት ምት ሲሆኑ ዘይታቸው በራሱ ቋት ውስጥ ነው፤ ቤንዚናቸው ዘይት አይፈልግም። ባለ ሁለት ምት የሆኑት የዛፍ መቁረጫ መጋዞች፣ የመድኃኒት መርጫዎችና አንዳንድ የጀልባ ሞተሮች ግን የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለ ዘይት ነው። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል።

ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ከበዛ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይቆሽሻል። ዘይት ከቤንዚን ስለሚከብድ ሳይናጥ ከተተወ ግርጌ ላይ ይቀመጣል፤ ሞተሩም በመጀመሪያ ዘይት፣ በኋላ ባዶ ቤንዚን ይጠጣል። በሚገባ ከተናጠ ግን ሟሙቶ ይቆያል። ስለዚህ በንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ግማሹን ቤንዚን፣ ቀጥሎ ዘይቱን ጨምሮ መናጥ፣ ከዚያም ቀሪውን ቤንዚን ጨምሮ እንደገና መናጥ ይገባል።

ከሞተር የከፋ አደጋ

አንድ ፈሳሽ ለእሳት የሚበቃ ተን የሚሰጥበት ዝቅተኛ ሙቀት ለነጭ ጋዝ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። ለቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን የተቀዳ ነጭ ጋዝ በኩራዝ ወይም በምድጃ ውስጥ ሊፈነዳ የሚችለው ስለዚህ ነው። የሞተር ጥፋት በገንዘብ ይጠገናል፤ የተቃጠለ ሕፃን ግን ዕድሜ ልኩን ጠባሳውን ይሸከማል። ለቤንዚንና ለነጭ ጋዝ የሚሆኑት ጀሪካኖች ፈጽሞ መለያየት አለባቸው።

እንዴት እንለየው?

የሚከተሉት ሙከራዎች ከእሳት ርቆ፣ በደጅ የሚደረጉ ናቸው።

1. የጠርሙስ ሙከራ፦ ነዳጁን በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድቶ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ። ከታች የተለየ ድርብርብ ወይም የሚንከባለል ጠብታ ከታየ ውኃ አለ።

2. የወረቀት ሙከራ፦ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማኖር። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ያለበት ቅባታማ ምልክት ይተዋል። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ምልክት መተዉ ግን የሚጠበቅ ነው።

3. የኢታኖል ሙከራ፦ በመለኪያ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚንና 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ከድኖ መናጥና ማቆየት። የታችኛው ድርብርብ ከ10 በላይ ካደገ ኢታኖል አለ።

4. የሚዛን ሙከራ፦ አንድ ሊትር መመዘን። ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። 740 ግራም የሚመዝን ቤንዚን 20 በመቶ ነጭ ጋዝ (800 ግራም) ቢጨመርበት ቅይጡ 752 ግራም ይሆናል። ይህም ከተፈቀደው ክልል አይወጣም። ሚዛን ብቻውን አጭበርባሪን አይዝም፤ ወረቀቱ ይበልጠዋል።

ከመመርመር መከላከል ይቀላል። ጀሪካኑን ማድረቅ፣ ሲቀዱ በጥሩ ማጣሪያ ማጥለል፣ የመጨረሻውን ጭላጭ አለመገልበጥ ብዙ ወጪ ያድናል። ክረምት ሲገባ ፓምፑ ለወራት የሚቆም ከሆነ ማጠራቀሚያውንና ካርቡራተሩን ባዶ ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

የተበከለውን ነዳጅ በሐይቁ ዳር መድፋት ግን አይገባም። የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ውኃው የሚጎድለው በአብዛኛው በመትነን ሲሆን ከባዱ የነዳጅ ክፍልና የተቃጠለ ዘይት አብረውት አይተኑም። እዚያ የተደፋው ዓሣው በሚኖርበት፣ ከብቱ በሚጠጣበት፣ ፓምፑም ራሱ በሚስበው ውኃ ውስጥ ይቀራል።