አቀንጭራን የማይቀሰቅስ ማሽላ

በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂል አካባቢ፣ ማሽላ የኑሮ መሠረት ነው። ፍሬው ይበላል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይውላል። የዚህ ሰብል ትልቅ ጠላት አቀንጭራ ናት። ሐምራዊ አበባዋ ታምራለች፤ ግን ብቅ ባለችበት ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል፤ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዛ ውኃና ምግቡን ስትመጥ ሰንብታለች።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ማሽላው ግን ኬሚካሉን የሚረጨው ለእሷ ብሎ አይደለም፤ ፎስፈረስ ሲያጥረው አጋዥ ፈንገሶችን ለመጥራት ነው። አቀንጭራ ጥሪውን ትጠልፋለች። በተሟጠጠ መሬት ላይ የምትበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የኬሚካሉን ዓይነት የሚወስን ጂን አለ። የማሽላ ሴል 20 ክሮሞሶሞች አሉት፤ 10ሩ ከአባት፣ 10ሩ ከእናት። (ሰው 46፣ ጤፍ 40፣ በሬ 60 አለው፤ የቁጥሩ ብዛት ብልጫን አያሳይም።) ክሮሞሶም የተጠቀለለ ረጅም የዲኤንኤ ክር ሲሆን፣ ጂን በክሩ ላይ አንድ መመሪያ የያዘ ቁራጭ ነው። ያ ጂን ያለው 5ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ሥሩ ሌላ ዓይነት ኬሚካል ያመነጫል፤ አብዛኛው የአቀንጭራ ዘርም ሳይነቃ ይቀራል። ይህን በእ.ኤ.አ. 2017 የገለጹት የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩ የወለንኮሚ ልጅ፣ የዓለማያ ኮሌጅ ምሩቅ ናቸው፤ በማሽላ ሥራቸው በእ.ኤ.አ. 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ማሽላው ለአቀንጭራ የማይመች የሚሆነው ግን ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸውን ጂን ሲወርስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽላ ከሐረርጌው ሙይራ ወይም ፈንዲሻ ጋር ቢያዳቅሉት፣ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ አቀንጭራን ይቀሰቅሳል። በሁለተኛው ትውልድ ከአራት አንዱ ገደማ አይቀሰቅስም። አዳቃዩ እነዚያን ለይቶ፣ ደጋግሞ ከሙይራ ጋር ማዳቀል አለበት። ሥራው ዓመታት ይወስዳል። እኔ ግን አጭር አገዳ ያለው ባዕድ ዝርያ ለገበሬው ከመስጠት፣ ጂኑን እሱ በሚወደው ረጅም ማሽላ ውስጥ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ረጅም አገዳ የሌለው ማሽላ ለዋሂል ግማሽ ሰብል ነው።