ከመሪ ዘንግ ስለሚበጅ የጥርስ ማውጫ

በቶርኖ መኪና ላይ የመቁረጫውን ተሸካሚ በእኩል እርምጃ የሚነዳው፤ ጥርስ የተጠመጠመበት ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ መሪ ዘንግ እንለዋለን። ዘንጉ የሚዞረው በነሐስ ዳዶ ውስጥ ሲሆን፤ ነሐስ ከብረት ስለሚለሰልስ ቀድሞ የሚበላው ዳዶው ነው። በተበላ ጊዜ ተሸካሚው ይላላል፤ የሚቆረጠውም ዕቃ ልኩን ይስታል። የዘንጉ ጥርስ እንደ ተራው ብሎን ሾጣጣ አይደለም፤ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹም በመካከላቸው የ30 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራሉ። የዚህን ዓይነት ጥርስ ማውጫ ለአንድ ዳዶ ሲሉ መግዛት ኪሣራ ስለሚሆን፤ ባለሙያው ከዘንጉ ከራሱ ቁራጭ ያበጀዋል።

ለምሳሌ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር፤ የጥርሱ እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዘንግ እንውሰድ። ከትርፉ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል። ዘንጉ አሮጌ ከሆነ ቁራጩ ከዳር ይወሰዳል፤ ተሸካሚው ዘወትር የሚመላለስበት ወገን ተበልቷልና። የቁራጩ ግማሽ ወደ ጫፉ እየቀጠነ እንዲሄድ በቶርኖ ይፋቃል፤ እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ጥርስ ከፊተኛው ጥቂት አብልጦ ይቆርጣል። ቀጥሎ በቁመቱ አራት ቦዮች ይወጡለታል፤ የቦዩ ጠርዝ ስለት ይሆናል፤ ፍቅፋቂውም በቦዩ ውስጥ ይጠራቀማል። ከስለቱ በስተ ኋላ ያለው ጥርስ በሞረድ በጥቂቱ ዝቅ ይደረጋል፤ አለዚያ መቁረጡ ቀርቶ ይፋተጋል። የኋላው ጫፍ ለመፍቻ እንዲመች አራት ማዕዘን ይሆናል።

የማጠንከሩ ሥራ እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል። ካርቦኑ 0.45 በመቶ ያህል ከሆነ በ830 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ በውሃ ይነከራል፤ እንዳይሰባበርም በ200 ዲግሪ ገደማ እንደ ገና ይሞቃል። 0.15 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን መንከሩ አይበቃውም፤ በከሰል ዱቄት ታሽጎ ለብዙ ሰዓት በመጋል የውጭ ገጹ ካርቦን መጠጣት አለበት። ለስላሳ ነሐስ ለመቁረጥና ለአንድ ሁለት ዳዶ ሳይጠነክርም ያገለግላል።

የዳዶው ቀዳዳ 16 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይበሳል። ማውጫው ዘይት እየጠጣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ፍቅፋቂው እንዲቆረጥም ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይገለጻል። በደንቡ መሠረት የዳዶው ጥርስ ጥልቀት እስከ 20.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከዘንጉ የሚበልጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር የዘይትና የመተንፈሻ ክፍተት ነው። ከዘንጉ የተበጀው ማውጫ ግን የሚቀርጸው 20ውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዶው ይጠብቃል፤ ማውጫው ደጋግሞ እንዲያልፍበት፤ የዘንጉም አናት በጥቂቱ እንዲፋቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የዘንጉ እርምጃ ስሕተት ካለበት ማውጫው ያንኑ ይወርሳል። ዳዶው ከዘንጉ ጋር ይስማማል፤ ስሕተቱን ግን አያርመውም፤ በመኪናው የሚሠራው ሁሉ ይወርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትወርዝ አንድ ወጥ የጥርስ ልክ እስካቀረበ ድረስ፤ እያንዳንዱ ሥራ ቤት የራሱን ልክ ይከተል ነበር፤ ብሎንና ዳዶም ጥንድነታቸው እንዲታወቅ ምልክት ይደረግባቸው ነበር። ከዘንጉ የተወለደው ማውጫ የዚያ ልማድ ቅሬታ ነው። ስለዚህ የሥራ ቤት መሣሪያዎችን የሚመዘግብ ተመራማሪ፤ ስማቸውንና መጠናቸውን ከጻፈ በኋላ፤ እያንዳንዳቸው ከየትኛው መሣሪያ እንደ ወጡም ይጠይቅ።