አሞሌ፣ ጠገራ ብርና የአንድ ወረዳ ታሪክ

የአካባቢ ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የንጉሥ ስም፣ የጦርነት ዘመንና የደብር ተከላ ነው። እነዚህ ይቅሩ አንልም። ግን ሕዝቡ በምን ይገበያይ ነበር? ዕድሜውንስ በምን ይቆጥር ነበር? ታሪክ ማለት ይኸም ነው እኮ! ነገሩን ለማብራራት ከሰሜን ሸዋ አንኮበርን በምሳሌነት እንወስዳለን።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደጋው አልቆ ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ይገኛል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) መቀመጫ ነበር። ከሥሩ አልዩ አምባ አለ። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ከደገኛው ጋር የሚገናኘው በዚህ ገበያ ነበር። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይዞ ዳገቱን ይመለሳል።

ታዲያ መገበያያው ምን ነበር? አንዱ አሞሌ ነው። አሞሌ በአፋር ረባዳ ምድር ከጨው ሜዳ እየተጠረበ የሚወጣ ጡብ መሳይ ጨው ነው። ገንዘብም ወጥም ነበር፤ ዝርዝር ሲያስፈልግ ይሰበራል። ዝናብ ካገኘው ግን ሀብት ቀልጦ ይቀራል! ዋጋውም ከወጣበት ምድር በራቀ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ለምን? ተማሪ ይህን ራሱ ቢያወጣው፣ ከታሪኩ ጋር ጂኦግራፊና ሒሳብም አብሮ ይማራል።

ሁለተኛው ጠገራ ብር ነው። በላዩ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል የአውሮፓ ዘመን አለበት። ነገር ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ለብዙ ዘመን የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ነው የወጣው። እንግዲህ ጽሑፉን ብቻ አይቶ «ይህ ብር በዚያ ዓመት የተሠራ ነው» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ይሳሳታል። ዕቃም እንደ ሰው ይመረመራል።

ሽማግሌ ስንጠይቅ ደግሞ «በስንት ዓ.ም. ነው?» ብለን አንጀምር። ሕዝቡ ዘመኑን የሚቆጥረው በደረሰበት ነገር ነው። ክፉ ቀን ሲል ከብት ያለቀበትን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ረሀብ ማለቱ ነው፤ የኅዳር በሽታ 1911 ዓ.ም. ነው፤ የጠላት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ ሰባት ሲል የ1977ቱን ድርቅ ነው። ስለዚህ «አባባ፣ ይህ የሆነው ከጠላት ዘመን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብንላቸው መልሱ ይገኛል፤ ወደ ዓመት መመለሱ የእኛ ሥራ ነው።

የማያስደስተውንም መዝለል አይገባም። በዚያው ጨው በመጣበት የቆላ መንገድ ባሪያ ወደ ባሕር ይነዳ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለ ጨው እየተረክን ስለ ሰው ዝም ብንል፣ ለተማሪው ግማሽ ታሪክ ሰጠነው ማለት ነው። ሆኖም የየቤተሰቡን ዘር እየቆጠሩ በክፍል ውስጥ ልጅ ማሳፈር ፈጽሞ አይገባም። የምናስተምረው ንግዱን እንጂ የማንንም ጓዳ አይደለም።

በጠላት ዘመን ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናውን ያለፈ ወይም የተጠጋ ነው። ከወላጆቹ የሰማ ግን ገና በየቀበሌው አለ። ዕጩ መምህራን ሆይ! በምንመደብበት ቦታ መጀመሪያ የገበያውን ቀን እንጠይቅ፤ ደብተርና እርሳስ ይዘን ከአንድ ሽማግሌና ከአንዲት አሮጊት አጠገብ እንቀመጥ። የነገሩንን ከነነገሩን ቀን እንጻፍ፤ የሁለቱ ቃል ሲለያይም ሁለቱንም እናኑር። ለወረዳው ልጆች የሚሆን የታሪክ መጽሐፍ እስኪመጣ ብንጠብቅ፣ መጽሐፉ የሚጻፍበት ቃል ቀድሞን ወደ መቃብር ይወርዳል።