የተናቀው የውሃ መርፌ

ለፊት ቆዳ የሚሰጡ የውበት መርፌዎች ገበያ ላይ በሁለት ጎራ ይሸጣሉ። አንደኛው እርጥበት ሰጪው ነው፤ ዋናው ሃያሉሮኒክ አሲድ ይባላል። ሁለተኛው ቆዳ አዳሽ የሚባለው ሲሆን፣ ከሳልሞን ዓሣ የዘር ፈሳሽ የሚወጣው ፖሊኑክሊዮታይድ፣ ከራስ ደም የሚዘጋጀው ፒአርፒ እና ኮላጅን ቀስቃሹ ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ እዚህ ይመደባሉ። ሰዉ አዳሹን ያከብራል፤ ሌላውን «ውሃ ብቻ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ጥብቅና የምቆመው ለውሃው ነው።

ሃያሉሮኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1934 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካርል ማየር እና ጆን ፓልመር ከከብት ዓይን ዝልግልግ ፈሳሽ ለይተው ያወጡት ነገር ነው። ቆይቶ አውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ባክቴሪያ ያመርተዋል። ለሰውነታችንም ባዕድ አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ግራም ያህል አለው፤ ገሚሱ የሚገኘው ቆዳው ውስጥ ነው። ሲሶው ደግሞ በየቀኑ ፈርሶ በየቀኑ ይተካል። እንዳለ ቢወጋ ብዙም ሳይቆይ ስለሚጠፋ፣ አምራቾች ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል፤ ያኔ ለወራት ይቆያል። በጠርሙስ የሚሸጠው ሴረም ግን ሞለኪውሉ ትልቅ ከሆነ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አያልፍም። የሚያረጥበው ላይ ላዩን ነው፤ ለዚያም ቢሆን ፊት እርጥብ እያለ ተቀብቶ ከላዩ ቅባት ሊደረብበት ይገባል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ፤ በሁለቱ ጎራዎች መካከል ወደተሠራው አጥር። «ይሄ ያረጥባል፣ ያኛው ያድሳል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፀሐይ ባስረጀው የፈቃደኞች ክንድ ላይ የተያያዘ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወጉ። በአራተኛውና በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ከቦታው ትንሽ ቆዳ ቆርጠው ሲመረምሩ፣ በመርፌው ዙሪያ አዲስ ኮላጅን ተሠርቶ አገኙ። ውሃ ብቻ የተባለው ነገር አድሷል ማለት ነው።

ምክንያቱን ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ኮላጅን የሚሠራው ፋይብሮብላስት የሚባል ሕዋስ ነው። ይህ ሕዋስ ዙሪያውን ያሉትን የኮላጅን ክሮች ይዞ ተወጥሮ ካልቆመ ሥራውን ይቀንሳል። ቆዳ ሲያረጅ ክሮቹ ይበጣጠሳሉ፣ ሕዋሱም የሚይዘው አጥቶ ይኮማተራል፤ የላላ ከበሮ ቢመቱት እንደማይሰማ ሁሉ እሱም ዝም ይላል። ሃያሉሮኒክ አሲዱ በክሮቹ መሃል ገብቶ ቦታ ሲይዝ ክሮቹን ይገፋል፣ ሕዋሱ መልሶ ይወጠራል፣ ሥራውንም ይጀምራል። መርፌው «ኮላጅን ሥራ» የሚል ትእዛዝ ይዞ አልገባም፤ የሠራው የሚወጥር ድጋፍ መስጠት ብቻ ነው። ጥናቱ የተደረገው የተያያዘውን ዓይነት ወግቶ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን የማርጠቢያ መርፌ ሁሉ እኩል ያድሳል አልልም። አጥሩ ግን እንደተወራለት ጠንካራ አይደለም።

አንድ ቀን ቦሌ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የነበሩ ሴት እንግዳ ተቀባይዋን «የቱ ይሻለኛል እህቴ?» ብለው ጠየቋት። «የሳልሞኑ ነዋ እትዬ! እሱ ያድሳል፤ የውሃው ለጊዜው ነው» አለቻቸው፣ ቀና ብላም ሳታያቸው። ጉንጫቸው አልረገበም። ፓውደሩ ግን በደረቀው ቆዳቸው ላይ ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫቸው ሥር ተላልጦ ነበር። ለእሳቸው ከሁለቱም መርፌ የሚቀድመው ግሊሰሪን ያለው ቅባት ነው፤ ዋጋውን ከመርፌው ጋር ማነጻጸርም ያሳፍራል።

አዳሾቹን አልንቃቸውም። ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ በስከልፕትራ ስም አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለና ጉንጫቸው የሟሸሸ ሰዎችን ፊት እንዲሞላ። ቆዳው ለሳሳና ለረገበ ሰው ከውሃው ይሻላል፤ ውጤቱ ግን ወራት ያስጠብቃል። የሳልሞኑ ገናና የሆነው ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሬጁራን በሚባለው ምርት ነው፤ በተከታታይ ሦስት አራት ጊዜ ይወጋል። ወሬው ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። በክሬም መልክ ፀሐይ የጎዳውን ቆዳ እንደሚያሻሽል ለአሥርተ ዓመታት የተጠናው ትሬቲኖይን ግን በርካሽ ዋጋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ሐኪም አማክሮ ሊጀምረው ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ፀሐይ መከላከያ ሳይቀቡ እየዋሉ ለሳልሞን መክፈል ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ማዲያት ያለበት ሰው ጭራሽ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መርፌ የጫረው ቁስለት ጥቁር ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ውሃውን እንድወደው የሚያደርገኝ ሌላው ነገር መፍረስ መቻሉ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲወጋበት ይሟሟል። ይህ የተበላሸ ቅርጽ ለማስተካከል ብቻ አይደለም፤ ፈሳሹ በስህተት ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከዘጋ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊታወር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ ቆዳ ሥር ቢቋጠር እንዲህ የሚያሟሟው የለም።

ስለዚህ ለሃያሉሮኒክ አሲድ የሄደ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሃያሉሮኒዴዝ እዚያው ክፍል ውስጥ መኖሩን፣ የሚወጋውም ሐኪም መሆኑን ይጠይቅ። መርፌው ከታሸገበት ፊት ለፊቱ ይከፈትለት፤ ከማሸጊያው ላይ የምርቱን ስምና መለያ ቁጥር የያዘውን ተለጣፊ ወረቀት አንዱን ካርዱ ላይ አስለጥፎ ሌላውን ይዞ ይሂድ።